ስዋንሲ መንጃ ፈቃድ ብቻ አይደለችም፤ መዳብ የሌላት የመዳብ ከተማ

ታዌ_ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ ሰዎች ስዋንሲን የምታውቋት በፖስታ ነው። የመንጃ ፈቃድ ቅጽ የሚላከው እዚያ፣ ካርዱ የሚመጣው ከዚያ። እኔም ከዚህ ያለፈ አላውቅም ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ እየታየ ሳለ "ስዋንሲ ተመድበሃል" ሲሉኝ "ምነው፣ መንጃ ፈቃድ ሊሰጡኝ ነው?" ብዬ ቀልጄ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመቴ። መንጃ ፈቃዱንም አላወጣሁም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ አጥር ነው። ሃቮድ የሚባል ሰፈር፣ አውቶቡስ የምጠብቅበት ጥግ ላይ፣ ዝቅ ያለ የግንብ አጥር አለ። አናቱ ላይ ጥቁር ድንጋዮች ተደርድረዋል። ጀርባቸው ድቡልቡል ነው፣ ሁሉም እኩል ናቸው፣ ከአንድ መጋገሪያ የወጡ ዳቦዎች ይመስላሉ። ቀረብ ብላችሁ ስታዩአቸው ጥቁር ብቻ አይደሉም። ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላሉ፣ እንደ ጠርሙስም ያብረቀርቃሉ። አንዱ ጫፉ ላይ ተሰብሯል፤ ስብራቱ ውስጥ ዓይን አለው። እንጀራ ላይ የምናውቀው ዓይን። ሦስት ክረምት ሙሉ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ተቀምጬበታለሁ። አንድ ቀን አንድ የሰፈር ሽማግሌ አጠገቤ ቁጭ ብለው "ይሄ እኮ ድንጋይ አይደለም። መዳብ ሲቀልጥ የሚተርፈው ዝቃጭ ነው። ትኩስ እያለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ያፈሱትና ለግንብ ሥራ ያውሉት ነበር" አሉኝ።

መዳብ? እዚህ? ጠየቅሁ፣ አነበብሁ፣ ሙዚየም ሄድሁ። እዚህ መሬት ውስጥ የረባ መዳብ የለም። ግን ከ200 ዓመት በፊት በብሪታንያ ከሚቀልጠው መዳብ 90 በመቶ ያህሉ የሚቀልጠው በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ነበር። ቅጽል ስሟም "ኮፐሮፖሊስ" ነበር፤ የመዳብ ከተማ ማለት ነው። ፍላጎት ያለው ካለ እናውራ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በኋላ እንዳንጨቃጨቅ።

ጉለሌ77፦
አንድ ነገር አልገባኝም። መዳብ ከሌለ ማቅለጫውን እዚያ ምን ሊሠሩ ተከሉት? ጤፉ ጎጃም እያለ ወፍጮውን ሞያሌ መትከል አይሆንም?

ታዌ_ዳር፦
ጉለሌ፣ ወሳኙን ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። መልሱ የድንጋይ ከሰል ነው። የዚያን ጊዜ አሠራር አንዴ አቅልጦ የሚገላገሉት አልነበረም። ማዕድኑ ይጠበሳል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና ይጠበሳል፣ እንደገና ይቀልጣል። እንዲህ እየተባለ የሚፈጀው ከሰል ከማዕድኑ ከራሱ ይበልጣል። ስለዚህ ብዙውን ከሰል ተሸክሞ ማዕድን ፍለጋ ከመሄድ ማዕድኑን ወደ ከሰሉ ማምጣት ይረክሳል።

ስዋንሲ ደግሞ ከሰሉ ወንዝ ዳር ነው ያለው። የታዌ ወንዝ ባሕሩ ሲሞላ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ መርከብ ያስገባል። የመዳቡ ማዕድን ከባሕሩ ማዶ ካለው ከኮርንዎል ይመጣል። እና ጨዋታው እዚህ ላይ ነው፤ መርከቧ ባዶዋን አትመለስም። ኮርንዎል ውስጥ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚስቡ የእንፋሎት ሞተሮች አሉ፣ ከሰል የለም። ማዕድን አራግፋ ከሰል ጭና ትመለሳለች። የአይሱዙ ሹፌር የሆነ ሰው ይህን ሂሳብ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ትልቅ ማቅለጫ የተተከለው በ1717 ነው። በ1737 "ዋይት ሮክ" የሚባለው ተከተለ። በ1810 ደግሞ ቪቪያን የሚባሉ የኮርንዎል ቤተሰቦች ሃቮድ ላይ ከሁሉም የገነነውን ከፈቱ። የእኔ አጥር የዚያ ሰፈር ነው።

ዲሲ_ታክሲ፦
እኔ ከአሜሪካ ነኝ፣ ስዋንሲን የማውቃት በኳስ ነው። ቡድኑ "ስዋንስ" ነው የሚባለው፣ አርማው ላይም ያቺ አንገተ ረጅም ነጭ ወፍ አለች። ከተማዋ በወፏ ነው የተሰየመችው አይደል?

ታዌ_ዳር፦
ወፏ የለችበትም፣ በኋላ የመጣች እንግዳ ናት። ስሙ የቫይኪንጎች ነው ይባላል። ስቬይን የሚባል ሰው ነበረ፤ "የስቬይን ደሴት" ማለት ነው። ዌልሶቹ በራሳቸው ቋንቋ "አበርታዌ" ይሏታል። "አበር" የወንዝ አፍ ነው፣ የታዌ ወንዝ ባሕር የሚገባበት። የመጣሁ ሰሞን የመንገድ ምልክት ላይ ሳነበው "አበርታ" የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ብርድ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ እውነት ለመናገር ትንሽ አበረታኝ።

የካርዲፏ እትዬ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ "እንግሊዝ ያላችሁ" ያልከውን አስተካክል። ዌልስ ነው ያለኸው። ሰዎቹ ፊት እንዲህ ብትል ይከፋቸዋል።

ሁለተኛ፣ የዌልስ ወደብ እያወሩ ካርዲፍን ዘሎ ስዋንሲ መግባት ድፍረት ነው። እኔ እዚህ የኖርኩት ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ስለዚህ አድላለሁ። በ1801 ካርዲፍ 2,000 ሰው እንኳ አልነበራትም። መቶ ዓመት ቆይታ ከ160,000 በላይ ሆነች። ያ ሁሉ በከሰል ነው። በ1913 ከዚህ ወደብ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ወጥቷል። ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ፤ ለመርከብ ተመራጭ ነበር።

ከሰሉ የት ይሄድ ነበር? አንዱ መድረሻ የየመኗ ወደብ ኤደን ነው። መርከቦች እዚያ ቆመው ይሞላሉ። ኤደን ላይ ምድጃ ለመቀለብ የተቀጠሩ ሶማሌዎችና የመኖች በዚያው መርከብ ካርዲፍ መጥተው "ታይገር ቤይ" የተባለው ሰፈር ከተሙ። እኔ ስመጣ መጀመሪያ ቅመም የገዛሁት ከእነሱ ልጆች ሱቅ ነው። ሰላምታችንን ያውቃሉ፣ ሂልበትን ያውቃሉ፣ ሻያቸውም የእኛን ይመስላል።

ለእኛም የሚደርስ ነገር አለው። በ1884 ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ስትዋጋ እንግሊዞች ኤደን ላይ ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከሰል ከለከሉ። ፈረንሳይም ኦቦክ ላይ የራሷን የከሰል ማደያ አቋቋመች። ከዚያ ማዶ ወዳለችው ጅቡቲ ተዛወሩ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የለገሃርን ሐዲድ ወደ ኋላ ብትከተሉት ከሰል ላይ ያደርሳችኋል።

ታዌ_ዳር፦
እትዬ፣ እርምቱን ተቀብያለሁ። ስለ ኦቦክ ዛሬ ገና መስማቴ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ያኔ በ1801 ስዋንሲ ከካርዲፍ ትበልጥ ነበር። ደግሞ በዓለም መጀመሪያ መንገደኛ በክፍያ ያሳፈረው ባቡር የእኛ ነው። በ1807፣ ከስዋንሲ በባሕሩ ዳር ወደ መምብልስ። የሚጎትተው ፈረስ ነበር፣ ሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ በሉት። በኋላ በእንፋሎት፣ ከዚያም በኤሌክትሪክ ሄደ። በ1960 ዘጉት። ሐዲዱ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ሰው ብስክሌት ይነዳል፣ ሽማግሌዎቹ ግን እስካሁን ይቆጫሉ።

የካርዲፏ እትዬ፦
ፈረስ የጎተተውን ባቡር ካልከው ይሁንልህ።

ሚስማር፦
እኔ ቀጥቃጭ ቤት ነው ያደግኩት፣ አባቴ መዳብና ናስም ይሠራ ነበር። ያ ሁሉ መዳብ ምን ይሆናል? ስንት ድስት ይሠራል?

ታዌ_ዳር፦
ድስቱም አለ፣ ሳንቲሙም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን መርከብ ማልበሱ ነው። ሞቃት ባሕር ውስጥ የመርከብን እንጨት የሚቦረቡር ፍጥረት አለ። ወገቡ ድረስ በመዳብ ልባስ የተሸፈነ መርከብ አይቦረቦርም፣ አልጌም አይይዝም፣ ስለዚህ ይፈጥናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦቹን ሁሉ ማልበስ ሲጀምር የመዳብ ገበያ ጦፈ።

ሌላም አለ፣ እሱ ደስ አይልም። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ "ማኒላ" የሚባል ገንዘብ ነበር። ቅርጹ አምባር ነው፣ ጫፎቹ ያልተገናኙ፣ ከመዳብና ከናስ የሚሠራ። እኛ ድሮ በአሞሌ ጨው እንገበያይ እንደነበረው በሉት። የአውሮፓ ነጋዴዎች በዚያ ሰው ይገዙበት ነበር። የዋይት ሮክ ባለቤቶች የብሪስቶል ሰዎች ናቸው፤ ብሪስቶል ደግሞ ከባሪያ ንግድ ዋና ወደቦች አንዷ ነበረች። በፋብሪካው የድሮ ፕላን ላይ "ማኒላ ቤት" ተብሎ የተጻፈበት ሕንጻ አለ። ዛሬ ቦታው ሣርና የፈረሰ ግንብ ነው፣ ሰው ውሻውን ያንሸራሽርበታል።

ጉለሌ77፦
ባርነቱ ሲቀርስ?

ታዌ_ዳር፦
ብሪታንያ በግዛቶቿ ባርነትን የከለከለችው በ1833 ባወጣችው ሕግ ነው። በዚያው በ1830ዎቹ የብሪታንያ ኩባንያዎች ኩባ ውስጥ ኤል ኮብሬ የሚባለውን የመዳብ ማዕድን ያዙ። ኩባ የስፔን ናት፣ ሕጉ አይደርስባትም። ጉድጓድ ውስጥ የሚቆፍሩት ባሪያዎች ነበሩ፤ ማዕድኑ የሚመጣው ስዋንሲ ነው። ኩባ ባርነትን ያስቀረችው በ1886 ነው። በዚህ ላይ ምንም አልጨምርም።

ከቺሊም ይመጣ ነበር። የስዋንሲ መርከበኞች በዓለም የታወቁት በዚያ መንገድ ነው፤ ከሰል ጭነው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ሆርን ዞረው፣ ማዕድን ጭነው መመለስ። ማዕድኑ ከባድ ስለሆነ ጥቂቱ ብቻ የመርከቧን የመሸከም አቅም ይጨርሳል። ታች ወለሉ ላይ ብቻ ከተከመረ ደግሞ መርከቧ ማዕበል ላይ ወዲያና ወዲህ ትወራጫለች፣ ምሰሶዋም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መርከቧ ሆድ ውስጥ ከፍ ያለ የእንጨት ሣጥን ሠርተው እዚያ ላይ ይጭኑት ነበር። ሲሄዱ ደግሞ ከሰሉ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ይነሳል። እሳት ተሸክመው ሄደው ድንጋይ ተሸክመው ይመጣሉ።

ነርስ_በሌሊት፦
ኩባን ካነሳህ ቢጫ ወባውን መዝለል የለብህም! ለእኛ ሙያ ስዋንሲ ማለት ያ ነው። በ1865 መስከረም ላይ ሄክላ የምትባል መርከብ ከኩባ የመዳብ ማዕድን ጭና ገባች። ተሳፋሪዎቿ ውስጥ በሽተኞች ነበሩ። አየሩ ለዌልስ የማይታመን ሞቃት ነበር፣ ስለዚህ ከመርከቧ የወጡት ትንኞች በሕይወት ቆዩ። 27 ሰው ታመመ፣ ቢያንስ 15ቱ ሞቱ። በብሪታንያ ዋና መሬት ላይ ቢጫ ወባ እንዲህ የተዛመተው ያኔ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ትንኝ መሆኗን ማንም አያውቅም። ትንኝ ናት ብሎ በ1881 ያሳሰበው ካርሎስ ፊንላይ ነው፣ እሱም የኩባ ሐኪም። ለሃያ ዓመት ያህል የሰማው የለም።

እኛም አገር ይህ በሽታ እንግዳ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ኦሞ አካባቢ፣ ወደ 30,000 ሰው ገድሏል። አዲስ አበባ ኮሌጅ እያለን አንድ መምህራችን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ጻፈልን። ስለ 15ቱ ሰዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ 30,000ዎቹ ፈልጉ ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን፣ ያገኘነው ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ጉለሌ77፦
ነርሷ ቆሌዬን ገፈፍሽው። ቆይ፣ ጭሱስ? ያን ያህል ማቅለጫ ካለ ሰው እንዴት ተነፈሰ?

ታዌ_ዳር፦
አልተነፈሰም ማለት ይቀላል። ጭሱ ድኝ ነው፣ አርሴኒክም አለበት። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያለው የኪልቪ ተራራ ነፋሱ የሚወስደው ወደ እሱ ስለሆነ ሣሩ አለቀ፣ አፈሩ ታጥቦ ሄደ። ገበሬዎች ከብታችን ታመመ፣ ሰብላችን ተቃጠለ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ አልተሳካላቸውም። ቪቪያኖች ራሳቸው መፍትሔ ፈልገዋል፤ ፋራዳይን ሳይቀር፣ ያን የኤሌክትሪኩን ሰው፣ አማክረዋል። ኋላ ላይ በ1860ዎቹ ድኙን ከጭሱ ይዘው አሲድ ሠርተው ሸጡት። መርዙም ገበያ አገኘ።

ታዲያ ሥራውም የሚያልቅበት ቀን መጣ። ቺሊና አሜሪካ ማዕድኑን እዚያው ማቅለጥ ጀመሩ። ያ የከሰሉ ሂሳብ ተገለበጠ። ከተማዋ ወደ ዚንክና ወደ ጣሳ ቆርቆሮ ዞረች። ሃቮድ ላይ የቀረው የመጨረሻው ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ።

ሸለቆው ግን የክምር አገር ሆኖ ቀረ። ዝቃጭ፣ አመድ፣ የፈረሰ ጭስ ማውጫ። በአውሮፓ ትልቁ የኢንዱስትሪ ምድረ በዳ ይሉት ነበር። በ1961 የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲና ከተማው ጥናት ጀመሩ። ምን ዓይነት ሣር በመርዝ ላይ ይበቅላል? ምን ዓይነት ዛፍ? ከዚያ ተማሪዎችና የትምህርት ቤት ልጆች ችግኝ ተከሉ። የእኔ ጎረቤት ሽማግሌ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበሩ። "ጉድጓዱን ስቆፍር አካፋዬ ብልጭ አለ፣ አፈር ሳይሆን ጠርሙስ ነበር የምቆፍረው" ይላሉ። አሁን ያ ቦታ ጫካ ነው። የኳስ ሜዳው፣ ዲሲ_ታክሲ የሚያውቀው ስታዲየም፣ በ2005 የተከፈተው ከመዳብ ፋብሪካዎቹ አንዱ በነበረበት መሬት ላይ ነው።

ቤት_ፈላጊ፦
ታሪኩ ጥሩ ነው ወንድሜ። ቤት ኪራይስ እንዴት ነው? ለንደን አልቻልኩም።

ታዌ_ዳር፦
ከለንደን ይረክሳል። ሥራው ግን ያንሳል፣ ዝናቡ ይብሳል። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እነግርሃለሁ። ሀበሻም አለ፣ ሻይ ቡና አታጣም። ከተማዋ በ2010 ራሷን "የመጠለያ ከተማ" ብላ ሰይማለች፣ በብሪታንያ ሁለተኛዋ ናት። ስም ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትምህርቴን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ በነጻ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ስም ብቻ ነው አልልም።

ዲሲ_ታክሲ፦
በፎቶ ሳያት ግን መሀሏ አሮጌ አትመስልም። ያን ያህል ታሪክ ያላት ከተማ አሮጌ ሕንጻዎቿ የት ሄዱ?

ታዌ_ዳር፦
ተቃጠሉ። የካቲት 1941፣ ከ19 እስከ 21፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ የጀርመን አውሮፕላኖች መጡ። ዒላማው ወደቡ ነበር፤ ከሰልና ዘይት ነበረበት። ላንዳርሲ የሚባለው ማጣሪያ ከፋርስ የሚመጣ ድፍድፍ ያጣራ ነበር። ወደቡ ተረፈ፣ መሀል ከተማው አመድ ሆነ። ሦስቱን ሌሊት ደምረህ ወደ 14 ሰዓት ነው። 230 ሰው ሞተ። ገበያው ነደደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ፣ ትልቁ የልብስ መደብር ነደደ። የኖርማኖቹ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግን እንደ ፍርስራሽነቱ ቆሞ ቀረ። አሁን ፊት ለፊቱ አደባባይ አለ፣ ወጣቶች ስልክ ይዘው ይቀመጡበታል።

ገበያው በ1961 እንደገና ተከፍቷል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። የባሕር ዛጎል ሥጋ በሰሃን ይሸጣሉ፣ ትንንሽ ነው፣ ኮምጣጤ ይደረግበታል። ድሮ የሚለቅሙት ፔንክላውድ የሚባል መንደር ሴቶች ናቸው፣ ባሕሩ ሲሸሽ በአህያ እየሄዱ። የዚያ ፎቶ ሙዚየም ውስጥ አለ። ነጠላ የሚመስል ነገር ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አህያዋ ቅርጫት ተሸክማ፣ ጭቃ ውስጥ ቆመው። ለአንድ ደቂቃ ያህል የመርካቶ መንገድ መሰለኝ።

ሚስማር፦
የዛጎሉን ሥጋ ግን ቀምሰሃል?

ታዌ_ዳር፦
ጾም ነው ብዬ አመለጥኳቸው። ሐምሌ ነበር።

የካርዲፏ እትዬ፦
ሳቅሁ እኮ አንተ ልጅ! ለመሆኑ ያ አጥርህ እስካሁን አለ? ከእኛ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ የልጅ ልጄን ይዤ ቅዳሜ ልምጣ። ትምህርት ቤት ስለ ማዕድን እየተማረች ነው።

ታዌ_ዳር፦
አለ እትዬ፣ ይምጡ። ጣቢያው ድረስ እቀበልዎታለሁ፣ ሃቮድ ከዚያ በእግርም ይደረሳል። መጀመሪያ የድሮውን የቪቪያን ፋብሪካ እናያለን፣ የእንፋሎት ሞተሩ ቤት ቆሟል። ከዚያ አጥሩ ጋ እንሄዳለን። ልጅቷ የተሰበረውን ድንጋይ ዓይኖች በጣቷ ትቁጠራቸው፣ እኔ ሞክሬ አቅቶኛል። እርስዎ ግን ጋቢ ይያዙ። ድንጋዩ በሐምሌም ይቀዘቅዛል።